ሳይነበብ የቀረው አንቀጽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል።

ጥሩንባው ጎህ ሳይቀድ ተነፋ። የፖስታ ቤቱ ጡረተኛ፣ ከታች ሰፈር። ቀብር 9 ሰዓት። የሕይወት ታሪኩን እየጻፍኩ ነው። በእድራችን የሞተ ሰው ሁሉ መቃብሩ አፋፍ ላይ የሚነበብለትን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ ሳለሁም፣ ዳኛ ከሆንኩም ወዲህ። አራት አንቀጽ፦ ልደት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ጠባይ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም።

ባለቤቴ አስካለ ከአልጋዋ ሆና አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በትሕትናቸው የታወቁ» የሚለው ጋ ስደርስ እስክታስላት ሳቀች። ሰውየው በአንድ ቦይ ምክንያት ከሦስት ጎረቤት ጋር ተኮራርፎ የኖረ ነው አለችኝ። ማንበብ ለማይችሉት ግን ደብዳቤ ሲያመጣ ቁጭ ብሎ አንብቦላቸው፣ መልሱን ጽፎላቸው ነበር የሚሄደው። ይህን አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው።

«ለሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ልክ ሸሚዝ ሰፍተህ ጨረስክ፤ ለረጅሙም ላጭሩም ያው ነው» አለችኝ።

የደብዳቤውን ነገር ጨመርኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር። ቦዩን ተውኩት።

ከዚያ ፊቷን እንኳ ሳትለውጥ የእሷን አሁን እንድጽፍ ጠየቀችኝ። ሰምታው መሄድ ትፈልጋለች። ስህተት ካለው ልታርመው። ሟርት አታውሪ አልኳት፤ ሟርት የሚሆነውማ ሐኪሙ ባይናገር ኖሮ ነው አለች።

ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። ምን እንደምሠራ ስላላወቅሁ የልብስ ማስጫውን ገመድ አጠበቅሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ደብተሬ ሆይ፣ ለአንተ እንኳ በወጉ አልነገርኩህም። ከሆስፒታል ወደ ቤት ከተመለስን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ጉበቷ ነው። ዶ/ሩ፣ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ሕክምና የለም፣ ሕመሟን እያስታገሣችሁ አብራችኋት ሁኑ አለን። እሱ ይህን ሲናገር እኔ በልቤ የአንዱን ቃል አጠቃቀሙን አርም ነበር። ይህን ነው ያደረግሁት። አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማረ፣ የሰው መጽሐፍ ሲያርም የኖረ ሰው በዚያች ሰዓት የሠራው ሥራ ይኸው ነው።

ምሕረት፣ አንዲቷ ልጃችን፣ ዊንጌት አካባቢ ታስተምራለች። ትምህርት ሲያበቃ በአዲሱ ገበያ ታክሲ ትመጣለች፤ ሽሮፑን በማንኪያ ትሰጣታለች፤ ሲመሽ ትሄዳለች። ሰሞኑን ግን መሄዱን ትታለች።

ዛሬ የመጀመሪያውን ረቂቅ ለአስካለ አነበብኩላት። እርሳስ ስጪኝ አለች ምሕረትን። «የባለቤታቸው ታማኝ ረዳት» የሚለውን ሰረዘችው። ማንን ነው የረዳሁት፣ በምን ሥራ ላይ? የክብር አነጋገር ነው አልኳት።

«ረዳትማ ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ ‘ፒያሳ ፒያሳ’ የሚለው ነው።»

ምሕረት እየሳቀች ወጥ ቤት ገባች። እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ምሕረት ወጥ ቤት ውስጥ እየሳቀች እንዳልነበረ ሰማሁ።

«በትዕግሥት የኖሩ» የሚለውንም ሰርዛዋለች። ከጎኑ፣ በዚያ በስድስተኛ ክፍል በተቋረጠ ጽሕፈቷ፣ «ማን ነገረህ» ብላለች።


እሑድ፣ ጥቅምት 23። ከቅዳሴ መልስ።

ብቻዬን አስቀድሼ መጣሁ። ቤት ስደርስ ወ/ሮ ዘነበች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የአስካለን ፀጉር በለብታ ውኃ ታጥባለች። ዘነበች የአቶ ቶማ ሚስት ናት። ከኛ በታች ባለው ቅያስ ይኖራሉ፤ እሱ ይሸምናል፣ እሷ ሽሮ ሜዳ ትሸጣለች። ከጋሞ የመጡ ናቸው፤ ቤተ እምነታቸው ከኛ ይለያል። እሷ ግን ለአስካለ ስትጸልይ አስካለ አሜን ትላለች፤ አስካለ ስታማትብ ዘነበች ዝም ብላ ትጠብቃታለች። እንዲህ ነው የኖሩት።

አዲስ ነጠላ አምጥታላታለች። ጥለቱ ስስ ነው። ቶማ ሌላ ሥራ አቁሞ ነው የሠራው። አስካለ በጣቷ ዳሰሰችውና ይህን ለብሼ የት ልሄድ ነው ብላ ቀለደች። ዘነበች አልሳቀችም።

አሁን አስካለ ተኝታለች። አንድ ነገር ልጽፍ ነው። የቆየ ነው።

ምሕረት ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። የእድሩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ዘጠኝ፦ እድርተኛ ላልሆነ ቤተሰብ ድንኳንም ሆነ ማናቸውም ዕቃ በምንም ምክንያት አይወጣም። «በምንም ምክንያት» የሚለውን ሁሉም ካጸደቁት በኋላ ነው ያስገባሁት። ቀዳዳ እንዳይኖረው። እድርተኛ ለመሆን ደግሞ ሁለት ነባር አባላት ዋስ መሆን አለባቸው። ቶማና ዘነበች ሦስት ጊዜ አመለከቱ። ሦስቱንም ጊዜ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ብዬ መዘገብኩ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሸማኔ ስለሆኑ ነው። ማንም ግን አፉን ሞልቶ አልተናገረውም። መናገር አላስፈለገንም። ደንቡ ይናገርልን ነበር።

በክረምት ልጃቸው ሞተች። አምስት ዓመቷ ነበር። ቶማ መጣ። በራችን ላይ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝናብ እየመታው፣ ድንኳኑን ብቻ ለሦስት ቀን አዋሱኝ አለ።

ደንቡን አምጥቼ አንቀጽ ዘጠኝን አነበብኩለት።

ልጁ ለሞተችበት ሰው። በጥሩ ድምፅ።

አስካለ ከኋላዬ ነበረች። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አንስታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከሰውየው ጋር ወጣች። በየቤቱ እየገባች ሴቶች ጠራች። ስድስት ተከተሏት። ድንኳኑን፣ ምሰሶውን፣ አግዳሚውን በዚያ ጭቃ ተሸክመው ቁልቁል ወረዱ፤ ወንዶቹ በየደጁ ቆመን አየን። ማታ የዘነበች ደጅ በሰው ተሞልቶ ነበር። እኔ አልሄድኩም። ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

ሁለት ቀን አመነታሁ። የእሑዱ ታሪክ አላለቀም። ያንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የቀረውን በጉባኤ የነበረ ሁሉ አይቶታል፤ ትርጉሙን የምናውቀው ግን እኔና እሷ ብቻ ነን።

በሳምንቱ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አስካለ ደንብ በመጣስ ተከሰሰች። ክሱን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ ነኝና። ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ቆመች። ረጅም አልተናገረችም።

«ደንቡን አንብቤዋለሁ። ባለቤቴ ነው የጻፈው፤ አማርኛው ደስ ይላል። አግዳሚው ግን የተሠራው ሰው እንዲቀመጥበት ነው። እናንተ ስታነቡ ሰዎቹ ቆመው ነበር።»

ከዚያ ዋስ የሚሆን አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ለራሷ መሰለኝ፤ ለቶማ ነበር። አንድ እጅ ወጣ። አራት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። አንቀጽ ዘጠኝ በዚያው ቀን ተሻረ። የቀድሞው ዳኛ ተቆጥቶ ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ወጣ።

አንዲት አሮጊት ከኋላ ጮኸች። «አስካለ ትሁን!» ጭብጨባ። «እሷው ትምራን!» የሚል የወንድ ድምፅም ነበረበት።

ተነሣሁ። ባለቤቴ ይህን ክብር በትሕትና እንደምትመልሰው አውቃለሁ፤ ቤቷና ልጇ ይበቃታል አልኩ። እንዲያውም ከዚህ የበለጠ አሳምሬ ነው ያልኩት። ሰው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እሷን ማንም አልጠየቃትም። አየችኝ። ከዚያ ተቀመጠች።

እንግዲያው እርስዎ ይሁኑ አሉኝ። እንደ ወጉ አንዴ እምቢ አልኩ። ሁለተኛውን ተቀበልኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ ዳኛ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ የእድራችንን ታሪክ በትንሽ መጽሔት አሳተምን። አዘጋጁ እኔ። «በወቅቱ አመራር አርቆ አስተዋይነት የእድሩ ድንኳን ለሁሉም ነዋሪ ክፍት ሆነ» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን አሞኝ ስለነበር እርማቱን የምታነብልኝ አስካለ ነበረች። ያችን መስመር ጮክ ብላ አነበበቻት። ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ጠየቅኋት። ትናንት የንስሐ አባቷ መጥተው ነበር፤ ዛሬ ፊቷ ረጋ ያለ ነው። ያን የጉባኤ ቀን ታስታውሺዋለሽ አልኳት። ጣሪያውን ታያለች። እውነቱን ንገሪኝ፣ ትፈልጊው ነበር ወይ አልኳት።

«እፈልገው ነበር።»

ያለ ቁጣ ነው ያለችው። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ትንፋሽ እየሰበሰበች ነገረችኝ። ከጉባኤው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ክስ እየጠበቃት፣ አንድ ቀን ብትመራ የምታደርገውን በልቧ ትይዝ ነበር። ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት እስከ አርባ ቀን ብቻውን እንዳይውል ሴቶች በተራ እንዲሄዱ። ሁለተኛ፣ በልመና ወይም በሕመም የወደቀ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት እድሩ እንደ ራሱ ሰው እንዲቀብረው። ሦስተኛ፣ የእድሩ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ ተዘግቶ ስለሚውል ሴቶች ልጆች የሚያጠኑበት እንዲሆን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለ ሥልጣን ሠራቻቸው። ለዓመታት ያየሁት ነገር ነው፤ ማን እንዳስጀመረው አስቤ አላውቅም። ልማድ ነው ብዬ ነበር። በመጽሔቱም ላይ «የማኅበረሰባችን መልካም ልማድ» ብዬዋለሁ። ሦስተኛው አልሆነም። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበራ። አንዴ አንሥታልኝ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ብያት ይሆናል።

እንዴት ቻልሽው አልኳት። ጠዋት ጠዋት ቆማ ስትጸልይ እግዚአብሔርን ሥራውን ብቻ ትለምነው እንደነበር፣ እሱም ሥራውን እንዳልነሣት ነገረችኝ። እኔም ተጽናንቼ፣ እንግዲያው ወንበሩ ምንም አልነበረም ማለት ነው አልኩ። እጇን ከእጄ አወጣች።

«ሥራው ወንበር አይፈልግም ነበር። እኔ ግን እፈልግ ነበር። አታደባልቀው መምህሬ።»


ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 11 ሰዓት።

የአሁኑ የእድሩ ጸሐፊ ደረጀ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ የቀድሞ ተማሪዬ። በወሩ መጨረሻ በሚደረገው ጉባኤ ካባ ሊያለብሱኝ ወስነዋል። ለወጣቶቹ ንግግር እንዳደርግም ይፈልጋሉ። ርእሱን በወረቀት ይዞልኝ መጥቷል፦ «ከተራ ኑሮ በላይ ከፍ የሚያደርግ እምነት፣ ዓላማና መሪነት»። ከእርስዎ በቀር ለዚህ ማን ይመጥናል ጋሼ ይላል። ወረቀቱን ተቀበልኩ። እምቢ የሚል ቃል አጣሁ። ቃል የማጣ ሰው አልነበርኩም።

አስካለ በክፍሉ በር በኩል ሁሉንም ሰምታለች። ደረጀ ሲወጣ ለካባው ተለክተሃል ወይ አለችኝ። ከዚያ ቀልዱን ተወችው። የኔስ ወረቀት የት ደረሰ አለች። ሊያልቅ ነው አልኳት።

«ቶሎ በል። እኔ እንደ ተማሪዎችህ እስከ ሰኔ አልጠብቅህም።»

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል።


እሑድ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 12 ሰዓት።

ጻፍኩት። አምስተኛው ረቂቅ። አንቀጽ ዘጠኝ አለበት፤ ቁልፉ አለበት፤ ስድስቱ ሴቶች በስም አሉበት። ስለ ጉባኤው ያለውም አንቀጽ አለ። እኔ የተናገርኩት እንዳለ ገብቷል። የመሪነት ርእስ ሲሰጡኝ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሳገላብጥ ኖሬ፣ በአንድ አልጋ ላይ አብሬው ሳድር የኖርኩትን ሰው ነው ለካ ስፈልግ የነበረው።

ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ነቅታ ነበር። አእምሮዋ ጥርት ብሎ። ምሕረት የሰጠቻትን ሾርባ ሁለት ማንኪያ ወሰደች። ይኸው አሁን ልስማው አለች። እኔ ግን የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል አላማረኝም ነበር፤ የጉባኤው ከድንኳኑ ቢቀድም ይሻላል ብዬ እያሰብኩ ነበር። በእርሳስ የተጻፈ፣ በቀስት የተሞላ ወረቀት ነው። በቀለም ገልብጬ ነገ ጠዋት አነብልሻለሁ አልኳት።

በእርሳስ ቢጻፍም ይሰማኛል አለች።

ነገ አልኳት።

አሁን ገልብጬ ጨረስኩ። ጽሕፈቱ ያምራል። ስትነሣ አነብላታለሁ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

አልነቃችም።

ምሕረት ደጋግማ ጠራቻት። እኔም ጠራኋት። ትተነፍሳለች። ያ ብቻ ነው።

ቢሆንም፣ ምሕረት ስልክ ልትደውል ወጥታ ሳለች፣ አነበብኩላት። ሁሉንም። ሁለት ጊዜ። እጇን ይዤ፣ ጣቷ ይንቀሳቀስ እንደሆን እየጠበቅሁ። ምሕረት ተመልሳ መስማት መጨረሻ የሚሄድ ነገር ነው፣ ትሰማሃለች አባባ አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። አላውቅም። ማንም አያውቅም።

ትናንት 8 ሰዓት ላይ ነቅታ ነበር። ትናንት 8 ሰዓት ላይ ጠይቃኝ ነበር።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት። አስካለ ዐረፈች።

ጥሩንባ ነፊው መጥቶ እንዴት ብዬ ልጥራ አለኝ። የመምህር ባለቤት ልበል? ወግ ነው፤ ሴት ስትሞት እንዲያ ነው የሚባለው። ስሟን ጥራ አልኩት። ስሟን ብቻ? አለኝ።

ስሟን ብቻ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ማታ 12 ሰዓት ተኩል።

ቀበርናት። የዘነበችን ነጠላ ከላይ አድርገንላት ነበር። ሰዉ ከቤ/ክ ቅጽር አልፎ ቆመ። የማላውቃቸው ሰዎች፤ የጫማ ጠጋኝ፣ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ሴቶች፣ ሁለት ዓይነ ስውራን ተያይዘው። እያንዳንዱ የሚነግረኝ ነገር አለው፤ እኔ ለአንዱም አዲስ ነኝ።

የሕይወት ታሪክ የቅርብ ቤተሰብ አያነብም። ወረቀቱን ጠዋት ለደረጀ ሰጥቼው ነበር። ከመቃብሩ አፋፍ ቆሞ ጀመረ። ልደት። ትምህርት። ጋብቻ። ቀጥሎ ጉባኤውና ድንኳኑ መምጣት ነበረባቸው። ደረጀ ወረቀቱን ገለበጠ። «ወ/ሮ አስካለ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በትሕትናቸው የታወቁ፣ የባለቤታቸው ታማኝ ረዳት ነበሩ» ብሎ አጠፈው።

ይህን ከወረቀቱ ላይ አላነበበም። ወረቀቱ ላይ የለም። በቃሉ ነው የያዘው። ከስንት ቀብር ላይ ሰምቶት። አማርኛው የኔው ነው፤ ከኔ ተምሮታል።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቆይ፣ አላነበብከውም። አላልኩም። አፈር መመለስ ተጀመረ።

ከቀብር መልስ ደረጀ ክንዴን ይዞ በጆሮዬ ነገረኝ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የጻፈው ሁሉ አይነበብም ጋሼ፤ ለስምዎ ብዬ ነው፤ ወጣቶቹ እርስዎን አርአያ አድርገው ነው የሚያዩት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከልቡ ነው። ልቆጣው አልቻልኩም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 9 ሰዓት። ከድንኳኑ ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገብቼ።

ዘነበች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ድንኳኑን አላነበቡትም ጋሼ አለችኝ። ለአስካለ አዝና ያለችው መሰለኝ።

«የእትዬ ነገር ለእትዬ ብቻ መሰለዎት? ልጄ በማን ድንኳን እንደተለቀሰላትም እኮ እዚያ ውስጥ መኖር ነበረበት። እኔ እዚያ የቆምኩት እሱን ልሰማ ነው።»

ተነሥታ ሰሃን ልታጥብ ሄደች።

ምሕረት በእርሳስ የተጻፈውን ወረቀት ትናንት ከኪሴ አግኝታ አንብባዋለች። የድንኳኑን ነገር ታውቅ ነበር። የጉባኤውን አታውቅም። ከጠዋት ጀምሮ አባባ ብላ አልጠራችኝም። ምሳዬን አምጥታ አስቀመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ እማዬ ፈልጋው ነበር ወይ። ፈልጋው ነበር አልኳት። በር ላይ ቆመች። በዚያ ቁልፍ እኔ ስንት ማታ እድሩ ቤት ባጠናሁ ነበር አለች፤ እኔም ሌሎቹም። ከዚያ እንግዳ ልታስተናግድ ወጣች።

ምሳውን አልነካሁትም።


ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከጠዋቱ 2 ሰዓት።

የሚካኤል ዕለት ነው። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ የጉለሌ ዳገት በጭስ ተሸፍኗል። ሦስተኛ ቀናችን ነው። ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ይነቀላል። ሰዉ መምጣት ጀምሯል፤ አግዳሚው ሲጎተት ይሰማኛል። ደረጀ አለ። ቶማ አለ። ድምፃቸውን እለየዋለሁ።

ወስኛለሁ፣ ደብተሬ ሆይ። ለደረጀ የምሰጠው አጭር ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ዳኝነቱን እለቃለሁ። ካባውንም ንግግሩንም አልቀበልም። የዕቃ ቤቱንና የእድሩን ቤት ቁልፎች ከደብዳቤው ጋር አስሬአቸዋለሁ። ማን ይተካ ብለው ቢጠይቁኝ አልጠቁምም። በሌላ ሰው ስም መናገር ይብቃኝ።

እና ከምሳ በፊት፣ ሰዉ ገና ተቀምጦ ሳለ፣ ተነሥቼ አነባለሁ። የቅርብ ቤተሰብ አያነብም፤ አውቃለሁ። ሐዘን አእምሮውን ነካው ይሉ ይሆናል። ይበሉ። በቀለም የገለበጥኩትን ደረጀ አልመለሰልኝም፤ አልጠየቅሁትምም። በእርሳስ የተጻፈው አለኝ።

እሷ አትሰማውም። ይህን የሚክስ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ የለምም። በሰንበት 8 ሰዓት ላይ የነበረው ጆሮ ሄዷል። ዛሬ የሚሰሙት ሌሎች ናቸው፤ ዘነበች፣ ምሕረት፣ ያ «አስካለ ትሁን» ሲባል ያጨበጨበ፣ ያ ራሱን የነቀነቀልኝ፣ ከሁለቱም በኋላ የተወለደው ሁሉ።

ቅደም ተከተሉን ዳግመኛ አላስተካከልኩም። አንድ ነገር ብቻ ለወጥኩ። ከልደቷ አልጀምርም። የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው፦

«ወ/ሮ አስካለ የዚህ እድር ዳኛ መሆን ይፈልጉ ነበር። ጠይቀናቸው አናውቅም። እንዳይጠየቁ ያደረግሁ እኔ ነኝ።»

ምሕረት በሩን ከፍታ እያየችኝ ነው። መነጽሬን ይዛልኛለች።